የተበዳዮች ገንዘብና የጠባቂው አደራ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ቃል ስለ ቂም የተነገረ ይመስላል። ብዙ ጊዜም የሚጠቀሰው የተጣሉትን ለማስታረቅ ወይም ቂመኛውን ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው ከቂም ይልቅ ስለ ፍትሕ የሚነግረን ይበልጣል። ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ ሕግ ዐይኑን የሚተክለው በወጋው ሰው ላይ ነው። ይፈልገዋል፣ ይይዘዋል፣ ይመረምረዋል፣ ይፈርድበታል፤ ከተፈረደበትም በኋላ በመንግሥት ወጪ ያበላዋል፣ ያስጠብቀዋል፣ ሲታመምም ያሳክመዋል። የተወጋው ግን የምስክርነት ቃሉን ከሰጠ በኋላ ከችሎቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁስሉን የሚያስታምምበት፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ወራት የሚያካክስበት፣ ሞቶም እንደ ሆነ ልጆቹ የሚያድጉበት ገንዘብ ከወዴት እንደሚገኝ የሚጠይቅለት ሰው ለብዙ ዘመን አልነበረም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ መንግሥታት በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ካሣ የሚሆን የሕዝብ ገንዘብ ለይተው ማስቀመጥ ጀምረዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የገንዘቡን ብዛትና ማነስ ሳይሆን የአጠባበቁን ግብረ ገብ ነው። ጥያቄዎቻችንም ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የበደለው ሌላ ሆኖ ሳለ ሕዝብ ስለ ምን ይከፍላል? ሁለተኛው፣ የሰው ሕይወትና አካል በምን ሚዛን ይለካል? ሦስተኛውና ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች እጅግ የሚቀርበው፣ ይህን ገንዘብ በእጁ የያዘ ሹም መቼ ታማኝ፣ መቼስ አደራ በላ ይባላል? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከዛሬ 3,700 ዓመት ገደማ በፊት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ፣ ሰው ተዘርፎ ወንበዴው ሳይያዝ ቢቀር ዝርፊያው የተፈጸመበት ከተማና የአገሩ ገዥ የጠፋውን ንብረት እንዲተኩለት፣ ሕይወትም ጠፍቶ እንደ ሆነ ለሟቹ ወገኖች አንድ ምናን ብር እንዲከፍሉ ተደንግጎ ነበር። በእኛም አገር አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል የነበረው ሥርዓት ከዚህ አሳብ የራቀ አልነበረም። ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተነድቶ በዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ ወንጀለኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ የጠፋውን ግምት አገሬው አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ሥርዓቱ ምንም ያላደረገውን ገበሬ ከእርሻው አስቀርቶ ያጉላላ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ታላቅ አሳብ ነበረ፤ ይኸውም ሰው በጎረቤቶቹ መካከል እየኖረ ሳለ ቢበደል፣ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው።

በአዲሱ ዘመን ይህን አሳብ እንደገና ካነሡት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ማርጀሪ ፍራይ ናቸው። እኒህ ሴት እድሜያቸውን በሙሉ ስለ እስረኞች አያያዝ መሻሻል ሲደክሙ ኖረው፣ በመጨረሻ ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ተበዳዮች ጻፉ። ለአብነት ካነሧቸው ነገሮች አንዱ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር። ሰውየው ተደብድቦ ሁለት ዐይኑ ጠፋ፤ ፍርድ ቤትም 11,500 ፓውንድ ካሣ ፈረደለት፤ ሁለቱ ደብዳቢዎች ግን ድሆች ስለ ነበሩ እያንዳንዳቸው በሳምንት 5 ሽልንግ እንዲከፍሉ ታዘዘ። በዚህ አከፋፈል ዐይነ ስውሩ ሰው የመጨረሻዋን ሽልንግ ለመቀበል 442 ዓመት መኖር ይገባው ነበር። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ቁጥሩም በመዝገብ ተጽፏል፤ ለተበዳዩ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አላለፈም።

ከዚህ በኋላ ኒው ዚላንድ በ1963 ሕግ አውጥታ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ላይ አዋለችው። ብሪታንያ በ1964፣ ከአሜሪካ ግዛቶችም ካሊፎርኒያ በ1965 ተከተሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1985 ባወጣው መግለጫ፣ በዳዩ ሊከፍል ያልቻለ እንደ ሆነ መንግሥታት ለተጎጂው ካሣ ለመስጠት እንዲጣጣሩ አሳሰበ።

እንግዲህ ሕዝብ ስለ ምን ይከፍላል? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከሁለት ምክንያት ይነሣል። ፊተኛው፣ መንግሥት የበቀልን ሰይፍ ከተበዳዩ እጅ ስለ ወሰደ ነው። ዱሮ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ወይ ደም ይመልስ ነበር፣ ወይም በሽማግሌ ፊት የደም ካሣ ተቀብሎ ይታረቅ ነበር። ሕግ ሁለቱንም መንገድ ዘግቶ «ነገሩን ለእኔ ተውልኝ» ካለው፣ ባዶ እጁን ሊያሰናብተው አይገባም። ሁለተኛው ምክንያት የመቀጫው ገንዘብ ነው። ወንጀለኛው የገንዘብ መቀጫ በተፈረደበት ጊዜ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። በአንድ በደል ምክንያት ግምጃ ቤቱ ገቢ አግኝቶ የተበደለው ሰው ያለ መድኃኒት ቢቀር፣ ነገሩ ለጆሮ የሚከብድ ነው። በ1984 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይህን ተመልክቶ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከተቀጡ ወንጀለኞች የሚሰበሰበው መቀጫ እንጂ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ያልሆነ ልዩ የተጎጂዎች ፈንድ አቋቋመ። በዚህ ዐይነት ገንዘቡ ምጽዋት መሆኑ ይቀርና ለባለቤቱ የሚመለስ ንብረት ይሆናል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ቢሰጥ ይመሰገናል፣ ቢዘገይ አይከሰስም፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ግን ቢሰጥ ግዴታውን ፈጸመ እንጂ ቸርነት አላደረገም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ካሣ ይከፈል ከተባለ በኋላ ሚዛኑ ምን ይሁን? በዚህ ረገድ ብዙ ትምህርት የሚገኘው መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በደረሰው እልቂት ምክንያት ከተቋቋመው ፈንድ ነው። የዚህ ፈንድ ኀላፊ ሆነው የተሾሙት የሕግ ዐዋቂው ኬኔት ፋይንበርግ ነበሩ። ለ33 ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተው ለ2,880 ሟቾች ቤተሰቦችና ለ2,680 ቁስለኞች ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አከፋፈሉ። ሕጉ ያዘዛቸው እያንዳንዱ ሟች በሕይወት ቢኖር ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ እንዲያሰሉ ስለ ነበረ፣ ለአንዱ ቤተሰብ 250 ሺህ፣ ለሌላው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰው። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ እጅ የሞቱት የባንክ ባለሥልጣንና የወጥ ቤት ሠራተኛ ዋጋቸው ተለያየ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሚስት «ባሌ ሰው ሊያድን ገብቶ ሞተ፤ ስለ ምን ከገንዘብ ነጋዴው ያንሳል?» ብትል ምን መልስ ይሰጣታል? ፋይንበርግ ሥራውን ከፈጸሙ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ፈንድ ቢቋቋም ለሁሉም እኩል ቢከፈል የተሻለ እንደሚሆን መሰከሩ።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አልቀረም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ ኩባንያ በዚያው ዓመት ለዚህና ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ ለደረሰው አደጋ ተጎጂ ቤተሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ አከፋፋዩም እኒሁ ፋይንበርግ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ግን ለ346ቱም ሟቾች ቤተሰቦች እኩል 144,500 ዶላር ተመደበ። በጥር ወር 2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት ደግሞ ሌላ 500 ሚሊዮን ዶላር ለቤተሰቦቹ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ነገር ግን ስምምነቱ ሲፈረም ቤተሰቦቹ አልተጠየቁም ነበር። በጥቅምት ወር 2022 እ.ኤ.አ. አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ሟቾቹ በሕግ ዐይን የወንጀል ተጎጂዎች ናቸው ብሎ እስከ ፈረደበት ጊዜ ድረስ፣ ስለ እነርሱ የተነጋገሩት ሌሎች ነበሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ካሣ በብዛቱ ብቻ እንደማይመዘን ነው። ባለቤቱን ሳይጠይቁ የሚሰጡት ገንዘብ፣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ አፍ ማስያዣ መስሎ ይታያል።

በእኛ አስተያየት ሚዛኑ ሁለት ክፍል ሊኖረው ይገባል። ሊቈጠር የሚችለው፣ ማለት የሕክምና ወጪ፣ የመቃብር ወጪ፣ የቀረ ደመወዝ፣ በደረሰኝና በምስክር ይቈጠር። ሊቈጠር የማይችለው ኀዘን ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። ይህን ለመረዳት የባሕር ማዶ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። በየሰፈሩ ያለው እድር ለባለጠጋው አባልና ለዘበኛው አባል የሚሰጠው የቀብር ገንዘብ አንድ ነው። ድንኳኑም አንድ ነው። ስለዚህ እድር የሞተውን ሰው ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሞቱን ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ብርቱ ነገር አለው፤ ገንዘቡን የሚያደርሰው በኀዘኑ ቀን ነው። ይህም ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰናል።

የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ አደራውን የሚያፈርስበት መንገድ ብዙ ነው። ሁሉ የሚያውቀው ስርቆት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት ስንቱን ሹም እንዳሳተ መናገር አያስፈልግም። የተበዳይን ገንዘብ የሚሰርቅ ሰው በአንድ ሰው ላይ የተፈጸመውን ወንጀል ሁለተኛ ጊዜ የሚፈጽም ነው፤ የፊተኛው በዳይ ያስቀረለትን የኋለኛው ወሰደው። ስለዚህ ጉዳይ ሕግም ሃይማኖትም በግልጥ ስለሚናገሩ ብዙ አንቈይበትም። ልንቈይበት የሚገባን ሳይሰርቁ በሚፈጸመው በደል ላይ ነው።

የቻድ መሪ የነበሩት ሒሴን ሐብሬ በሴኔጋል በተሰየመው ልዩ የአፍሪካ ችሎት በ2016 እ.ኤ.አ. በሰው ዘር ላይ በተፈጸመ ወንጀል ተፈርዶባቸው፣ ፍርዱ በይግባኝ በሚያዝያ ወር 2017 ጸና። ለ7,396 ተጎጂዎችም 82 ቢሊዮን የሴፋ ፍራንክ ካሣ ተወሰነ፤ መቀመጫው በአዲስ አበባችን የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ገንዘቡን የሚያሰባስብና የሚያከፋፍል ፈንድ እንዲያቋቁም አደራ ተሰጠው። ተጎጂዎቹ ፍርዱን ለማግኘት ከሀያ ዓመት በላይ የታገሉ፣ ብዙዎቹም በእስር ቤት የተሠቃዩ ሽማግሎችና መበለቶች ነበሩ። ሐብሬ በ2021 ሲሞቱ ከዚያ ፈንድ አንድ ፍራንክ እንኳ ለተጎጂ አልደረሰም ነበር። በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. የቻድ መንግሥት ራሱ 10 ቢሊዮን ፍራንክ ማከፋፈል እስከ ጀመረበት ቀን ድረስ ብዙዎች ሳይቀበሉ አልፈዋል። በዚህ ነገር ውስጥ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም። ደንብ ሲረቀቅ፣ ስብሰባ ሲቀጠር፣ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ዓመታት አለፉ። ሰው የሚሞተው ግን በጉባኤ ቀጠሮ አይደለም።

ሌላው በደል በደንብ ውስጥ ይሸሸጋል። የብሪታንያ የካሣ ደንብ በመጀመሪያ ሲወጣ፣ ከበዳዩ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ቤተሰብ የሚኖር ተጎጂ ካሣ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ምክንያታቸው የሚገባ ይመስል ነበር፤ ገንዘቡ ዞሮ በበዳዩ ኪስ እንዳይገባ፣ ቤተሰብም ተመሳጥሮ የሐሰት ጥያቄ እንዳያቀርብ ነው። ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ ያስቀረው ማንን ነበር? በገዛ አባቱ ወይም በእንጀራ አባቱ እጅ የተጎዳውን ሕፃን ነው። ሕፃን ቤቱን መርጦ አይወለድም። ከጥቅምት 1 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተፈጸሙ በደሎች ደንቡ ቢለወጥም፣ ከዚያ በፊት የተጎዱት ግን ፍርድ ቤት ደንቡ አግባብ አይደለም ብሎ እስኪፈርድና በ2019 ፈጽሞ እስኪሻር ድረስ በሩ ተዘግቶባቸው ኖሩ። ሕፃናት የነበሩት ሸመገሉ። እንግዲህ ማንኛውም ደንብ ሲረቀቅ «ይህ ቃል ገንዘቡን ከማን ይጠብቃል?» ብቻ ሳይሆን «ማንንስ በውጭ ያስቀራል?» ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ግልጥ ነው።

ሦስተኛው በደል ቁጠባ የሚመስል ነው። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ፈንድ ከታላላቅ ኩባንያዎች በሚመጣ መቀጫ ሲያድግ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወሰን ይገድበው ጀመር። የፊተኛው ወሰን 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መቀጫ በአንዱ ዓመት በዝቶ በሌላው ስለሚያንስ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ብልኅነት ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተከማቸበት ጊዜ ነበር። በ2014 የተፈቀደው ወጪ 745 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ከ2 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በ2018 ከ4 ቢሊዮን አለፈ። ኋላም ገቢው እየደረቀ ስለ ሄደ በ2024 ወደ 1 ቢሊዮን 350 ሚሊዮን ወረደ። በ2021 ሕጉን አሻሽለው አዲስ የገቢ ምንጭ ቢጨምሩለትም ጉድለቱ ቶሎ አልሞላም። ስለዚህ ሳይነካ የተቀመጠበት ዘመንም፣ የሳሳበት ዘመንም ለተጎጂው አንድ ሆነበት። ለክፉ ቀን የተባለ ገንዘብ፣ ክፉ ቀን ለደረሰበት ሰው ዛሬ ካልደረሰ፣ የማንን ክፉ ቀን ይጠብቃል?

እዚህ ላይ ተቃራኒውን አሳብ ሳንሰማ ማለፍ አይገባንም። «ገንዘቡን ቶሎ ስጡ ማለት ቀላል ነው፤ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ሳይለይ ቢከፈል ግን ሣጥኑ በአንድ ወር ይራቆታል፤ የሒሳብ መርማሪም በመጣ ጊዜ ተጠያቂው ፈራሚው ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። በሐሰት የወጣች እያንዳንዷ ብር ከአንድ እውነተኛ ተጎጂ እጅ የተነጠቀች ናት። ማስረጃ መጠየቅም ለተጎጂዎች ክብር እንጂ ንቀት አይደለም። ክርክራችን ከማስረጃው ጋር ሳይሆን የማስረጃው ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። የፖሊስ መዝገብ በመንግሥት እጅ ነው፤ የፍርዱ ግልባጭ በመንግሥት እጅ ነው፤ የሐኪሙ ወረቀትም ብዙ ጊዜ በመንግሥት ሆስፒታል ነው። እግሯን ያጣች ሴት ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እየተመላለሰች፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው በአንድ ደብዳቤ ሊጠይቅ የሚችለውን ወረቀት ራሷ እንድታመጣ ማድረግ ጥንቃቄ አይባልም። የሒሳብ መርማሪውም ቢሆን ያለ አግባብ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ያለ አግባብ ሳይወጣ የቀረውን ቢመረምር መልካም ነበር። ያልተከፈለ ካሣ የጎደለ ሒሳብ ሆኖ በመዝገብ ላይ አይታይምና፣ ጠባቂው በሰላም ይተኛል።

በአገራችን ለዚህ አሳብ መሠረት የሚሆኑ ድንጋጌዎች አሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳዩ በዚያው በወንጀሉ ክስ ላይ ካሣ እንዲጠይቅ በር ከፍቶለታል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 ደግሞ በሰው መነገድ ለተጎዱ፣ ማለት በበረሃና በባሕር ለተሸጡና ለተሠቃዩ ወገኖቻችን መርጃ የሚሆን ፈንድ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው የተሽከርካሪ አደጋ መድን ሕግ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው ይህ ሕግ፣ ገጭቶ በጠፋ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ካሣ የሚከፍል ፈንድ አቋቁሟል፤ በወጣ ጊዜም በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። ያን ጊዜ የተወሰነው የብር ልክ ትንሽ ነበር፤ የገበያው ዋጋም ጥሎት ሄደ። የሕጉ ቅደም ተከተል ግን ታላቅ ነው፤ መጀመሪያ ደሙ ይቁም፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመርመር ይላልና። ገጭቶ የጠፋ ነጂ ካለ፣ ወግቶ የጠፋ ወንበዴም አለ። ለፊተኛው ተጎጂ የታሰበው ለኋለኛው የማይታሰብበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ገንዘብ በእጁ ለገባ ሰው የምንመኝለት ልማድ ይህ ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ሳይሆን የተበዳዩ መሆኑን አምኖ ሥራውን ይጀምር፤ መንግሥት ያዥ እንጂ ባለቤት አይደለም። ሁለተኛ፣ ለአስቸኳይ ችግር የሚሆነውን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ሰጥቶ ቀሪውን በምርመራ ያቆይ። ሦስተኛ፣ ለማን፣ ስንት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደ ተከፈለ የተጎጂዎቹን ስም ሳይገልጥ በየዓመቱ ለሕዝብ ያስታውቅ። አራተኛ፣ የከለከለውን ሰው የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጠው፤ ይግባኝ የሚልበትንም ያሳየው። አምስተኛ፣ ደንቡን ሲያወጣ ከተጎጂዎች መካከል ጥቂቱን ጠርቶ ያማክር።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎውን በፍርድ ያጣ ሰው ምክንያቱን ሰምቶ ይጽናናል፤ ጭብጦውን ያለ ፍርድ ያጣ ግን የሚጽናናበት የለውም። ተበዳይ ወደ መሥሪያ ቤታችን በር ሲመጣ አንድ ጊዜ ያለ ፍርድ የተወሰደበት ሰው ነው። ቢፈቀድለትም ቢከለከልም በፍርድ፣ በምክንያትና በቀኑ ይሁን። ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጥነው ሰዎች «ነገ ተመለስ» የምትለውን ቃል ከመናገራችን በፊት፣ ያ ሰው እስከ ነገ የሚያድርበት ያለው መሆኑን ብንጠይቅ፣ ከሣጥኑ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል የአደራውን ግማሽ ፈጸምን ማለት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ገንዘቡን አውጥቶ በእጁ መስጠት ነው።